የሁለት ሰው መጋዝ

ሐጂ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ ያበዛሉ። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሁሉንም ዘለሉት።

«የት ነሽ? የምትወጂው ዓይነት ነገር መጥቷል። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይጫናል» አሉና ዘጉት።

እጄ ላይ የነበረውን የውሃ ፓምፕ እንደተፈታታ ትቼ፣ ሱቁን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ አደራ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ባለ ባጃጁ በመስታወት እያየኝ «ሰው ታሞብሽ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ብረት ልገዛ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

ሐጂ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ጀርባ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡ ነጋዴ ናቸው። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ነው ያረጁት። ቁራሌዎች ከየገጠሩ የሚለቅሙት የተሰበረ ማረሻ፣ የዛገ ቆርቆሮና የሞተ ሞተር ሁሉ እሳቸው ግቢ ይከመርና በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ደንበኞቼ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝና ማንጎ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው፤ ሙያውን የተማርኩት በወጣትነቴ በአንድ የእርሻ ጋራዥ ውስጥ ነው። «የምትወጂው ዓይነት ነገር» ያሉኝ ግን ፓምፕ አይደለም። አሮጌ የሞተር መጋዝ ነው።

ይህ ፍቅር የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ገበሬ የፓምፕ ሞተር መስሎት አሮጌ የሞተር መጋዝ በጆንያ ይዞልኝ መጣ። ዛፍ መቁረጫ እንጂ ውሃ መሳቢያ እንዳልሆነ ስነግረው ተስፋ ቆርጦ ጥሎልኝ ሄደ። እኔ ግን ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም። ጠረግኩት፣ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፤ አንድ ቀን ተነሳ። ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ ነገር እጄ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ የተሰማኝን ስሜት እስከ ዛሬ በቃል መግለጽ ይቸግረኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፈለግኩ፣ አገኘሁም። ባለቤቴ ሴቻ ሰፈር የሚያስተምር መምህር ነው፤ እንግዳ ቤት ሲመጣ «ያኛው መደርደሪያ የኔ መጻሕፍት ነው፣ ይኼኛው የእሷ መጋዞች» እያለ ያሳያል። አይከፋውም፤ መጋዞቹ ወደ መጻሕፍቱ መደርደሪያ እንዳይሻገሩ ብቻ ይጠብቃል።

ሐጂ ግቢ ስደርስ በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱኝ።

በአልጋ ሽቦና በተጣመመ ማረሻ መሀል በጎኑ ተጋድሟል። የደህና በግ ያህል ነው። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ትልቅ መጋዝ አይቼ አላውቅም። ሰንሰለት የለውም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ እኔ ምላስ የምለው፣ እሱም የለውም። የፋብሪካው ስም የነበረበት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። በላዩ ላይ በብሩሽ የተለቀለቀ አረንጓዴ ቀለም አለ። ተንበርክኬ ሳገላብጠው ግን አንድ ነገር አየሁ። ሞተሩና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ በቀጥታ አልተያያዙም፤ በመካከላቸው ራሱን የቻለ የማርሽ ቤት አለ። የዛሬ መጋዞች እንዲህ አይሠሩም። ይህ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ማሽን ነው።

«ጀርመን ነው» አሉ ሐጂ ከኋላዬ ቆመው። ለሐጂ ጠንካራ ነገር ሁሉ ጀርመን ነው።

«በምን አወቁ?»

«ክብደቱን አታይም እንዴ?»

«እሺ፣ ምን ልክፈልዎት?»

«ጄኔሬተሬ ከረመ እንደተኛ። እሱን አስነሺልኝና ይኼን ውሰጂው። ለማቅለጫ ከሚሄድ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።»

ሁለት ጫኝ ወጣቶች ተሸክመው ባጃጅ ላይ አደረጉልኝ። ባጃጁ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ እኔ ሚዛን ለመጠበቅ በሌላው ጎን ተንጠልጥዬ ሱቄ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው፤ ማን እንደሆነ ማወቅ። አሮጌ ማሽን ስሙን ቢያጣም ራሱን አይደብቅም። መጀመሪያ ብሎኖቹን ሞከርኩ። አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አይገባም፤ አሥራ ሦስቱ ይገባል ግን ይዋልላል። ከእርሻ ጋራዡ የወጣሁ ጊዜ አለቃዬ የሰጡኝ አሮጌ የኢንች መፍቻዎች ነበሩኝ፤ ድሮ ለአሜሪካ ትራክተሮች የምንጠቀምባቸው። ግማሽ ኢንቹን አንስቼ ብሎኑ ላይ ስጭነው ጥርቅም ብሎ ያዘ።

ወዲያው ሐጂ ጋ ደወልኩ። «ጀርመን አይደለም። ብሎኖቹ የኢንች ናቸው፤ ጀርመን በሚሊሜትር ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

«ሳታውቂ እንዴት አይደለም ትያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

ቀጥሎ ቀለሙን ያዝኩ። አረንጓዴውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ስፍቀው ከሥሩ ቢጫ ብቅ አለ፤ ብሩሽ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ሁሉ ቢጫ ነው። ከዚያ የማርሽ ቤቱን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ በጥቁር ግራሶና በእንጨት ብናኝ ተጠቅጥቋል። አስቀያሚ ነገር ይመስላል፤ ግን ያ ቆሻሻ ብረቱን ከዝገት ሲጠብቅ የኖረ ነው። በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ ሳጥበው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከብረቱ ጋር አብረው የፈሰሱ ፊደሎች አንድ በአንድ ወጡ። መጀመሪያ ቁጥር፣ ከዚያ የፋብሪካው ስም፣ በመጨረሻም የአንዲት ከተማ ስም። ካናዳ ውስጥ፣ በምዕራብ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አቁማ «ምን አልሽ?» አለች ከማዶ።

«ከካናዳ ነው የመጣው።»

«ማን?» አለች።

ቁጥሩን በስልኬ ፈለግኩ። ኔትወርኩ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ እያወረደ ሲያሳየኝ ጥፍሬን እየነከስኩ ነበር የማየው። መጀመሪያ ግዙፍ የዛፍ ግንድ ታየ። ከዚያ ቢጫው ማሽን፣ ቁርጥ የኔው። ከዚያ ከቁመቴ የማያንስ ረጅም ምላስ። በምላሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ እጀታ። አንድ ሰው ሞተሩን ይዞ በዚህ በኩል ቆሟል፤ ሌላው ሰው ጫፉን ይዞ ከግንዱ ማዶ ቆሟል።

ለሁለት ሰው የተሠራ መጋዝ ነው። እኔ ያለኝ ግማሹ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ቁራሌውን ጠየቁልኝ። ማሽኑን ከጨንቻ ከፍ ብሎ ካለ መንደር፣ ከአንዲት ሴት ነው የገዛው። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከታች ከሙቀቱ ተነስቶ በጠመዝማዛው መንገድ ሲወጣ ጉም ውስጥ ገባን፤ ዶርዜን ስናልፍ ሹራብ አለመያዜ ትዝ አለኝ። ከጨንቻ በእግር ነው የሄድኩት፤ ቁራሌው የነገረኝን ምልክት እየጠየቅኩ በእንሰትና በቀርከሃ መሀል ወጣሁ።

ቤቱን ሳገኘው ለማንኳኳት እጄን አነሳሁና እዚያው ቀረሁ። የቀርከሃው አጥር በር የተዘጋው በመቀርቀሪያ ነው፤ መቀርቀሪያው ደግሞ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። ዳሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ዙሪያውን ሰንሰለት የሚሄድበት ቦይ አለው። ምላሱ እሱ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ በበሩ ክፍተት ያዩኛል።

«ደህና አደሩ፣ አባባ። ስለዚህ ብረት ልጠይቅዎት መጥቼ ነው።»

«አይሸጥም። ሌላውንም እኔ ለቅሶ ሄጄ ነው ያወጡብኝ።»

ከኋላቸው እንሰት ትፍቅ የነበረች ሴት አንገቷን ደፋች። የልጃቸው ሚስት መሆኗን በኋላ ነው ያወቅኩት። ጎተራ ሥር ለዓመታት የተቀመጠ የማይንቀሳቀስ ብረት ስታይ ቦታ ለማስለቀቅ ብላ ነው የሸጠችው። ሽማግሌው ከለቅሶ ሲመለሱ ባዶውን ቦታ አይተው ለብዙ ቀን አላናገሯትም።

ስልኬን አውጥቼ የማሽኑን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። በጣቴ አሰፋሁላቸው።

«ይኼ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«አልቀለጠም?»

«አልቀለጠም። አርባ ምንጭ፣ እኔ ሱቅ ነው ያለው። ላስነሳው ነው።»

በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወደ ኋላ ዞረው ለምራታቸው በጋሞኛ አንድ ነገር አሏት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።

የቡና ቅጠል በቅመም አፍልታ አቀረበችልን፤ ሚጥሚጣው ጉሮሮዬን አቃጠለው። ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። አማርኛቸውን የተማሩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ወጣት ሳሉ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በተቀጠሩበት ጣውላ መሰንጠቂያ ነው። ወንድማቸው ሞተሩን ይይዛል፤ እሳቸው ጫፉን። ሌላ ሰው ማሽኑን አይነካም ነበር። መሰንጠቂያው ሲዘጋ ባለቤቱ ማሽኑን ለወንድማቸው ትቶለት ሄደ፤ ሁለቱ በትከሻ ተሸክመው ወደዚህ አወጡት። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ማሽኑ አንድም ቀን አልተነሳም።

«ያ ደማቅ ቀይ ቀለሙስ አለ?» አሉኝ።

«ቢጫ ነው አባባ። ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ ነው ያገኘሁት።»

«ቀይ ነው። አሥር ዓመት ይዤዋለሁ እኮ።»

«እኔም ፍቄዋለሁ። ቢጫ ነው።»

«ቀይ ነው» አሉና ተነስተው ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ባርኔጣና ጋቢ ሲሰቅሉበት የኖሩትን የጫፍ እጀታ፣ በሌላው አንድ የዘይት ቆርቆሮ ይዘዋል። ቆርቆሮውን ሲከፍቱት በጥቁር ዘይት ውስጥ የተጠቀለለ ሰንሰለት ተኝቷል። እንዲህ ያለ ሰፊ ሰንሰለት ዛሬ በየትም ሱቅ አይገኝም፤ ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። እጄን እስከ ክርኔ ዘይት ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። አንድም ዝገት የለበትም። እንደ ልጅ እየሳቅኩ እንደነበር የገባኝ እሳቸውም ሲስቁ ሳይ ነው።

«ሁሉንም ውሰጂ» አሉ። «ግን ሲነሳ እዚህ ታመጪዋለሽ። ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራም አለለት።»

ሥራውን ወስደው አሳዩኝ። ከመንደሩ በታች ባለው መስክ ላይ ባለፈው ክረምት ንፋስ የጣለው ትልቅ ዝግባ ተጋድሟል። ውፍረቱ ከደረቴ በላይ ነው። የእጅ መጋዝ ሞክረውበት ተሰባብሮ ቀርቷል። ከመስኩ ማዶ ደግሞ ወደ ገበያ የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ በዚያው ክረምት በጎርፍ ተወስዷል፤ ሰው ሸክሙን ይዞ በውሃው ውስጥ ነው የሚሻገረው። ከዝግባው ሁለት ግንድ ቢወጣ ድልድዩ ይሠራል።

ምላሱን ሚኒባሱ ጣራ ላይ አሳስሬ፣ ቆርቆሮውን እግሬ ሥር አድርጌ ወረድኩ። በሩን በምን እንደዘጉት ያሰብኩት ሲቀላ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ጥገናው ቀላል አልነበረም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ናፍጣና የፍሬን ዘይት ቀላቅዬ ነዳጁን በሚለኩሰው ካንዴላ ቀዳዳ ሞላሁና በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት በእንጨት ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርገዋለሁ። ምንም የለም። አንድ ጠዋት ስልክ እያናገርኩ በክንዴ ደገፍ ብል የሞተሩ መሽከርከሪያ ከክንዴ ሥር ሸሸ፤ ፒስተኑ ለቋል። ከሙዝ ገበሬው ጋር የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። ሲሊንደሩን አውልቄ ሳይ ውስጡ እንደ መስታወት ነው፤ ጭረት የለውም።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ መጣ፣ ወይም እኔ ስለተጣደፍኩ እንደዚያ መሰለኝ። እሳት የሚሰጠውን ክፍል ጠርጌ ካንዴላውን ብረት ላይ አስጠግቼ ገመዱን ስስብ፣ በሽርጤ በሠራሁት ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም ባሏን ጠርታ አሳየችው። የካርቡራተሩ ስስ ላስቲክ ደርቆ እንደ ቅጠል ተፈረፈረ፤ ከሌላ አሮጌ የነዳጅ ፓምፕ ላስቲክ በመቀስ ቆርጬ ተካሁት። የሰንሰለቱን ጥርሶች አንድ በአንድ ሞረድኩ። ቀለም ስገዛ ባለቤቴ «ሽማግሌው ቀይ ነው ካሉ ቀይ ብትቀቢው ምን አለበት?» አለኝ። ቢጫ ቀባሁት። ማሽኑ ራሱ የነገረኝን ልክድ አልችልም።

ቤንዚን በዚያ ሰሞን ጠፍቶ ነበር፤ ማደያዎቹ ፊት ባጃጆች እስከ አደባባዩ ተሰልፈዋል። አንድ ደንበኛዬ ከራሱ ታንከር በሃይላንድ ቀድቶ ሰጠኝ። ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁና ገመዱን ሳብኩ። አልተነሳም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳብኩ። ትከሻዬ ዛለ፣ መዳፌ ተላጠ። በማግስቱ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኝ ባለቤቴ ነው እንጀራውን የቆረሰልኝ።

የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ብዬ አሰብኩ። በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባሁና መሽከርከሪያውን በእጄ አዞርኩ። ከታች፣ እኔው ራሴ ከወረቀት ቆርጬ በገጠምኩት ማሸጊያ በኩል አረፋው ተንፈቀፈቀ። ፈታሁ፤ ከወፍራም ወረቀት አዲስ ቆረጥኩ፤ ገጠምኩ። ይኼን ስሠራ ሐጂ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የመጡት ስለ ጄኔሬተራቸው ሊወቅሱኝ ነበር፤ ሁኔታዬን ሲያዩ ግን ተዉት።

ገመዱን ሳብኩ። አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ደግሜ ሳብኩ፤ ያዘ።

ድምፁ የዛሬ መጋዝ ድምፅ አይደለም። የዛሬዎቹ ይጮሃሉ፤ ይኼ ግን ከደረቱ ነው የሚናገረው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ። የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች ሁሉ ይዘላሉ። ጭሱ ሱቁን ሞላው። ከየሱቁ ሰው ወጣ፣ መንገደኛ ቆመ፣ ልብስ ሰፊዋ ክሩ ጥርሷ ውስጥ እንዳለ መጣች። እኔ ሁለት እጄን ማሽኑ ላይ እንዳደረግኩ ሳላጠፋው ቆየሁ። ሳጠፋው ሐጂ ከጆሯቸው ላይ እጃቸውን አነሱና «ድምፁ ግን ጀርመን ይመስላል» አሉ።

ወደ ላይ የወሰድኩት ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ጭኖ ወደ ጨንቻ በሚሄድ ፒክአፕ ነው። ማሽኑ በዓሣ ሳጥኖች መሀል ተቀመጠ፤ ቀሪውን መንገድ የመንደሩ ወጣቶች ወርደው በትከሻቸው አወጡት። መስኩ ላይ ስደርስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጥተው ዛፉ በንፋስ የወደቀ መሆኑን በዓይናቸው አይተው ፈቅደዋል። ሽማግሌው አሮጌ ካፖርት ለብሰው፣ ጆሯቸው ላይ ጥጥ ጠቅጥቀው ይጠብቁኛል። የጫፍ እጀታውን ስገጥም አጠገቤ ቆመው ማሽኑን ዙሪያውን አዩት።

«ቀይ ነበር» አሉ።

«ቢጫ ነበር፣ አባባ።»

«ይሁን። አምሮበታል።»

ከመነሳቱ በፊት ምልክቶቹን ነገሩኝ፤ ከተነሳ በኋላ መነጋገር የለም። እጃቸውን ካነሱ ላቆም ነው። ትከሻቸውን ዝቅ ካደረጉ እኔም እኩል ዝቅ ብዬ ልከተላቸው ነው። ሁሉን ጠግኜ፣ ሁሉን ሞርጄ ሳለሁ እንዲህ ያለ ግንድ አንድም ቀን ቆርጬ እንደማላውቅ የነገርኳቸው ያኔ ነው።

«እኔ አውቃለሁ። አንቺ ሞተሩን ያዢልኝ» አሉ።

ሳስነሳው ከሰው መሀል የልጆች ሳቅ ተሰማና በድምፁ ተዋጠ። ምላሱን ግንዱ ላይ አሳረፍን። ሰንሰለቱ ሲነክስ መላ ሰውነቴ ወደ ፊት ተሳበ፤ ተደናግጬ ቀና ስል ከግንዱ ማዶ የሽማግሌውን ፊት አየሁ። ጸጥ ብለዋል፤ እግራቸው መሬት ውስጥ የተተከለ ይመስላል፤ የሚገፉ አይመስሉም፣ የሚመሩ እንጂ። ትከሻቸው ትንሽ ዝቅ አለ። እኔም ዝቅ አልኩ። መጋዙ ተስተካከለ፤ ቀይማ የዝግባ ብናኝ እንደ ዝናብ እግሬ ላይ መውረድ ጀመረ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የት እንደገባ አላውቅም። እንዲያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ግማሽ ላይ እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። አጠፋሁት። ከምላሱ ጭስ ይወጣል። የሰንሰለቱ ዘይት በዚህ ማሽን ላይ ራሱ አይፈስም፤ ሞተሩን የያዘው ሰው በአውራ ጣቱ እየተጫነ ነው የሚያፈሰው፤ እኔ በደስታዬ ረስቼዋለሁ።

«አውራ ጣትሽ ተኝቷል» አሉኝ።

ዘይት አፍስሰን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን እንደገና ገባንበት። መጨረሻው ላይ ሽብልቅ መትተውልን ክፍተቱ ተላቀቀ፤ ግንዱ ለሁለት ተከፍሎ በከባዱ መሬት ላይ ሲያርፍ ከእግራችን ሥር ተሰማን። ሽማግሌው እጀታውን አልለቀቁም። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ይዘውት ቆመው ነበር። ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ጭሱ ሊሆንም ይችላል።

«ወንድሜ ይቸኩል ነበር» አሉ። «አንቺ ትዘገያለሽ። ግን ጥሩ ነው፤ ለሽማግሌ ይመቻል።»

ገና ሁለት መቁረጥ ይቀራል። የሚቀጥለውን አብረን ቆረጥን። ሦስተኛው ላይ ግን ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እኔ ላቁም አላቁም ስል እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን አነሱ፤ አጠፋሁት። ዞረው ሰዉን በዓይናቸው ፈለጉና ምራታቸውን ጠሯት። ወጣቶቹ ግራ ገባቸው፤ ሁለቱ ደግሞ «እኛ እንይዛለን» ብለው ቀረብ አሉ። ሽማግሌው አልሰሟቸውም። ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው ሰጧት፤ እጀታውን አስያዟት፤ ከኋላዋ ቆመው በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ያዙ። በጋሞኛ የነገሯትን ሁሉ አልሰማሁም፤ ከሰማሁት ግን አንዱ «አትግፊው» የሚል ነው።

እሷ መጀመሪያ ፊቷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ሰንሰለቱ ሲነክስ እንደኔው ደነገጠች። ከዚያ ግንዱ መሀል ላይ ስንደርስ ከማዶ ቀና ብላ አየችኝ፤ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። አውራ ጣቴ ግን አልተኛም። ግንዱ ሲበጠስ ሽማግሌው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው ለቀቋት። ማሽኑን ከጎተራ ሥር ስለመሸጧ ከዚያ በኋላ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም።

ወጣቶቹ ግንዶቹን በእንጨት እየፈነቀሉ ወደ ወንዙ አንከባለሏቸው፤ ላያቸውን በመጥረቢያ ደልድለው ጎን ለጎን አጋደሟቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረችው በጀርባዋ ቀርከሃ የተሸከመች ሴት ናት። ከገበያ እየተመለሰች ነበር፤ ስለ ሁሉም ነገር የሰማችው የለም። ድልድዩ ላይ ስትደርስ አንዴ ቆም አለች፤ በእግሯ ነካ አድርጋ ሞከረችው፤ ከዚያ እያየናት ተሻግራ መንገዷን ቀጠለች።

ስለ ማሽኑ ሽማግሌው የወሰኑት እዚያው ነው። ምላሱም ሰንሰለቱም ከሞተሩ ጋር ይሂዱ፣ እኔ ዘንድ ይቀመጡ፤ ዛፍ ሲወድቅ ግን ይደወልልኝ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደውሎልኛል። ሁለቱንም ጊዜ ጫፉን የያዘችው ምራታቸው ናት፤ እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው አጠገባችን ቆመው ትከሻችንን ያያሉ።

የዚያን ቀን ሥራው ካለቀ በኋላ ቤታቸው ገብተን ቆጮ በጎመንና በዳጣ በላን። የሁላችንም ጆሮ ይጮሃል፤ የምንነጋገረው ወንዝ ማዶና ማዶ እንደቆመ ሰው ነው።

«ዛሬ ታድሪያለሽ ወይ?» አለችኝ ምራታቸው አጠገቤ ተቀምጣ፣ በኃይል እየጮኸች።

«አዎ፣ በጣም ይጣፍጣል» አልኳት እኔም እየጮህኩ።

ሽማግሌው ከሁለታችንም ምን እንደሰሙ አላውቅም፤ «ቀይ ነበር» አሉና ቆጮውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።